ለፓምፑ ጁምዓን ያስተማርኩበት ቀን

እናቴ ሽሮውንና በርበሬውን አስፈጭታ፣ ድርቆሹን በፌስታል ቋጥራ ሻንጣዬ ውስጥ ከታ ነበር። መርሳ ላይ ልጁን ወደ ጂዳ የሚሸኝ ቤት ሁሉ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ፓስፖርቴ ወጥቷል፤ ቪዛዬ ተመቷል፤ ሰኞ መሄዴ ነው። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቄ የሰው ቤት ወለል ልወለውል! እናቴ ያዘንኩ ይመስላት ነበር። እኔ ግን የምቃጠለው በንዴት ነበር።

ሥራ ሳፈላልግ በከረምኩበት ጊዜ ወልድያ ከአጎቴ ሱቅ አልጠፋም ነበር። አጎቴ ሞባይልና የሶላር መብራት ይጠግናል፤ እኔን ደግሞ "ኢንጂነሯ፣ እስቲ ሻይ እዘዢ" እያለ ይቀልድብኛል። ከመሄጃዬ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ ከመርሳ አቅራቢያ ካለችው ግራና አንድ ገበሬ የመስኖ ፓምፕ የሚቆጣጠር ሳጥን ከአንድ ቫልቭ ጋር ይዞ መጣ። ፓምፑ በሶላር ይሠራል፤ ውሃውን ከጉድጓድ አውጥቶ በየማሳው አፍ ያሉትን ቫልቮች በየተራ ይከፍታል። አሁን ግን ቆሟል። አጎቴ ሳጥኑን ከፈት አድርጎ አየና "ሞቷል" ብሎ ፈረደበት።

እኔ ገመድ ሰክቼ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። ስክሪኑ ባዶ ነው። ኢንተር ብነካ አንድ ቃል መለሰልኝ፤ "ኦኬ"። ደነገጥኩ። ሌላ መሣሪያ ቢሆን ፕሮግራሙ ተዘግቶበት ነው የሚመጣው፤ የጻፈው ሰው ፋይል ከሌለ ማንም አይነካውም። ይሄኛው ግን ከነፕሮግራም ቋንቋው ቺፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሰው እየጠበቀ ነው። ሁለትና ሦስትን ደምር አልኩት። አምስት አለኝ፣ ቀጥሎም "ኦኬ"። ጥፍሬን የምታክል ቺፕ እኮ ናት!

ቋንቋው ፎርዝ ይባላል። እኔ ሳልወለድ የተሠራ፣ ብዙ ሰው የረሳው ቋንቋ ነው፤ ዩኒቨርሲቲም ማንም ስሙን አላነሳልንም። ስልኬ ላይ መጽሐፍ አውርጄ፣ ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ ስመላለስ ሁሉ አነብ ጀመር። አዲስ ቃል ሰጥተው ትርጉሙን ከነገሩት፣ ያን ቃል ከዚያ ወዲያ የራሱ ያደርገዋል። በአማርኛ ፊደል ቢጽፉለትም አይከፋውም። "ክፈት" የሚል ቃል አስተማርኩትና "ክፈት" ብለው ቫልቩ ቀጭ አለ። አጎቴ ሻዩን አስቀምጦ "እስቲ ድገሚው" አለኝ። ስንደጋግመው ዋልን፤ ሱቅ የመጣውም ደንበኛ ቆሞ አየ።

ፓምፑን ያቆመው ጉድጓዱ ሳይደርቅ ደርቋል የሚል የተበላሸ የውሃ መለኪያ ሴንሰር ኖሯል። እሱን ቀየርን፣ የማሳዎቹንም ተራ እኔው በፎርዝ ጻፍኩለትና ተነሳ። ወሬው ፓምፖቹን የተከለው ድርጅት ጆሮ ገባና አንድ ኢንጂነር ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ፎርዝ የሚያውቀው ሠራተኛቸው ለቆ ሄዷል፤ ምትክ አጥተዋል። "አርብ ግራና እመጣለሁ" አለኝ። "ፓምፑ እኔ ፊት ተራውን ሳያዛንፍ ከዋለ ሥራው ያንቺ ነው።" ካልዋለ ጂዳ የምሄድባት ሰኞ አለች።

አርብ ረፋድ ላይ ከኢንጂነሩና ከገበሬዎቹ ጋር ግራና ቦዩ ዳር ተቀምጠናል፤ ፓምፑም ያለ እንከን እየሠራ ነው። የውሃ አባቱ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚያስከብር፣ በውሃ የተጣላ የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው።

"ጁምዓ ልንወርድ ነው" አሉ። "ቀጥሎ ውሃው ለማን ነው?"

ኢንጂነሩ ስልኩን አየና "ለእርስዎ ማሳ ነው" አላቸው።

"ያ አላህ! እኔ መስጊድ ሆኜ ማን ይመልሰዋል? ሽንኩርቴን ሊያሰጥመው ነው?"

ወጉ እንዲህ ነው። የአርብ ቀትር ውሃ ለክርስቲያኑ ጎረቤት ይለቀቃል፤ የእሁድ ጠዋቱን ደግሞ ክርስቲያኑ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ እስላሙ ይወስደዋል። እኔ እዚሁ አድጌ ይህን ለማሽኑ መንገር አላሰብኩም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው።

ኢንጂነሩ የፓምፑን ገመድ ሊነቅል ተነሳ። "ፕሮግራሙ አዲስ አበባ ሄዶ እንደገና መጻፍ አለበት" አለ።

"አይነቀልም!" አልኩት። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ገበሬዎቹ ሁሉ ዞረው አዩኝ። ወደ ሽማግሌው ዞርኩ። "አባባ፣ አንቱ ጁምዓ ሲወርዱ ተራዎን የሚወስደው ማነው?"

"ያ ከሾላው ሥር ማሳ ያለው ጎረቤቴ ነው። እሁድ የሱን እኔ እወስዳለሁ። አብሽሪ ልጄ፣ ተረጋግተሽ ሥሪው።"

ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ፓምፑም ሳይቆም፣ ውሃውም ሳይቋረጥ፣ "ጁምዓ" የሚል ቃል ጻፍኩ። ትርጉሙ፣ የአርብን ቀትር ተራ ለጎረቤት ስጥ። አስከትዬ "እሁድ" አልኩ። "ኦኬ" አለኝ። አዛኑ ተሰማ፤ ሰዎቹ ወረዱ። ሰዓቱ ሲደርስ የሽማግሌው ቫልቭ ዝም አለ፤ ከሾላው ሥር ያለው ቀጭ ብሎ ተከፈተና ውሃው ደረቁን ትልም እያረሰረሰ ገባ። ሰው ከሰው በአፍ ሲቀባበለው የኖረውን መተሳሰብ ያቺ ጥፍር የምታክል ነገር ሰምታ ታዘዘች። ኢንጂነሩ ጫማው ጭቃ ውስጥ መግባቱን እንኳ አላየም።

"ፓምፑ ሳይቆም ለወጥሽው?" አለኝ።

"ሳይቆም።"

"ሰኞ ትጀምሪያለሽ?" አለ።

ሰኞ! ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ።

መርሳ ስገባ እናቴ ሻንጣውን በገመድ እያሰረች ነበር። ነገርኳት። ስለ ቺፑ ያልኳት አልገባትም፤ እንደማልሄድ ግን ገባት። ገመዱን ፈታች፣ ሽሮውን አወጣች፣ ድርቆሹንም አወጣች።

"ይሄን ሁሉ ታዲያ ማን ሊበላው ነው?" አለች፣ እያለቀሰች።

ለጂዳ የተፈጨውን ሽሮ በዚያው ዕለት መርሳ ላይ በላነው።