ለሆኪው አሰልጣኝ የቆሙ ሽማግሌዎች

ባለፈው ሐሙስ ከሥራ ወጥቼ ከአትላንታ ሚድታውን ወደ ሎረንስቪል ስነዳ ኤይቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና እንደተለመደው ተዘጋግቶ ነበር። ዝናብ ነው፣ መኪናው ሁሉ ቀይ መብራቱን አብርቶ ቆሟል፣ እኔ ደግሞ መቆም አልወድም። ሬዲዮ ከፈትኩ። የስፖርት ፕሮግራም ላይ ሁለት ሰዎች ስለ ከተማችን የሆኪ ቡድን ይጨቃጨቃሉ። ቡድኑ እንደገና እየተሸነፈ ነው፣ ጥያቄውም ያው የድሮው ነው፤ ዋናው አሰልጣኝ ይባረር ወይስ ይቆይ? አንዱ ደዋይ "ጊዜ ስጡት" ሲል ብቻዬን መኪና ውስጥ "አቦ አባሩት!" ብዬ ጮህኩ። ጎኔ የቆመችው ሴትዮ በመስኮቷ ዞር ብላ አየችኝ። ከዛ ማህሌት ትዝ አለችኝ። እውነቱን ልናገር፤ ኮሌጅ ጨርሼ፣ ሥራ ይዤ፣ የራሴን መኪና እየነዳሁ፣ እስካሁን በዛች ልጅ እቀናለሁ።

ያኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነበር። ቡድኑ አትላንታ ከመጣ ብዙም አልቆየም፣ አባቴም ቡድኑ ገና እንደመጣ የሁለት ወንበር የዓመት ትኬት ገዝቶ ነበር። በረዶ ላይ እየተንሸራተቱ አንዲት ጥቁር ጎማ በዱላ የሚያባርሩ ሰዎችን ለማየት ገንዘቡን የሚያወጣ አበሻ ከሱ ሌላ አላውቅም። ጓደኞቹ ሲስቁበት "ሱዳን በረሃ ስንት ዘመን የተጠበስኩ ሰው ነኝ፣ በረዶ ፊት መቀመጥ ይብዛብኝ?" ይላቸዋል።

ከሁለቱ ወንበር አንዱ የሱ፣ አንዱ የኔ ነበር። እናቴ ብርድ አትወድም፣ ወንድም እህት የለኝም፣ ስለዚህ ማንም አይቀማኝም ብዬ ተዝናንቼ ነበር የምቀመጠው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቅጠላቸው የረገፈ ዛፎችን ግራና ቀኝ እያየን፣ ሂተሩን ከፍተን፣ ስለ ተጫዋቾቹ እያወራን ወደ ከተማ እንነዳለን። ገና በሩ ላይ አዲስ የተከፈተ ፍሪዘር የሚመስል ሽታ ይቀበለናል። የገና ጾም ሲሆን አባቴ ሆት ዶግ አይነካም። ፕሬትዝል የሚባለውን ጥምዝ ዳቦ የምትሸጠውን ልጅ ሁልጊዜ "ቅቤ ነክቶታል?" ብሎ ይጠይቃታል። ለምዳን ስለነበር ገና ከሩቅ ስታየው "ኖ በተር!" ብላ ትጮሃለች። የጨዋታውን ሕግ አንድ በአንድ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ይሄ እንዲታወቅልኝ እፈልጋለሁ።

በዛው ክረምት ማህሌት ከአዲስ አበባ መጣች። የአባቴ እህት ልጅ ነች፣ በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች፣ ከኛ ጋር ልትኖር ነው የመጣችው። አባቴ "እንግዳ ናት፣ አንድ ቀን ትይ" አለኝና ወንበሬን ሰጠሁ። በሳምንቱ ደግሞ "ቤዚ፣ ብርዱን ትልመድ እስቲ" አለኝ። ከዛ በኋላ መጠየቁንም ተወው። እሁድ መጣ ማለት የኔን ጃኬት ለብሳ ጋቢና ትገባለች፣ እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሆምወርክ እሠራለሁ።

ስለ ጨዋታው ምንም አታውቅም። ላይክ፣ ምንም! የምታየው አሰልጣኙን ብቻ ነው። "ጋሼ፣ እኚህ ሰውዬ ለምንድነው የማይቀመጡት? እግራቸውን አያማቸውም?" ብላ ጠየቀችው አሉ። አባቴ ቤት ገብቶ ይሄን ለእናቴ ሲነግራት በደስታ ዓይኑ እንባ አቀረረ። እኔ "ዳዲ፣ ና፣ ስማ" እያልኩ ያደግኩ ልጅ ነኝ፣ እሷ "ጋሼ ይቅደሙ፣ ጋሼ ይብሉ" ትለዋለች። በአንድ ወር ውስጥ የሷን ሻይ ካልሆነ አልጠጣም አለ። የኔ ሻይ ምን ሆነ?

ቡድኑ መሸነፉን ቀጠለ። ጋዜጣውም ሬዲዮውም ስለ አሰልጣኙ ብቻ ሆነ። አንድ ቀን እራት ላይ "ይሄ ሰውዬ ካልተባረረ ቡድኑ አለቀለት" አልኩ።

ማህሌት ጎርሳ ስትጨርስ ቀስ ብላ "ልጆቹ በወደቁ አባትየው ይባረራሉ እንዴ?" አለች።

"ሰማሽ?" አለ አባቴ።

"አባት አይደለም! ኮች ነው! ደሞዝ የሚበላው ለማሸነፍ ነው!"

"ቆይ፣ እሳቸው በረዶው ላይ አልገቡ፣ ዱላ አልያዙ..."

"አንቺ ኦፍሳይድ ምን እንደሆነ ሳታውቂ ነው የምታወሪው?"

"ቤዛ!" አለች እናቴ።

ሰውየው ይሂድ ይቆይ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አላስጨነቀኝም ነበር። እሷ "ይቆዩ" ካለች ጀምሮ ግን መሄድ አለበት። በመጨረሻ አባቴ እጁን ታጠበና "በቃ፣ አትጨቃጨቁ" አለ። "እስከ ገና ከቆዩ ወንበሩ የማሂ ነው። ከተነሱ ያንቺ።" እናቴ ብቻ ናት የተናደደችው። "በሰው እንጀራ ትወራረዳላችሁ? ነውር አይደለም?" ብላ ሳህኑን ሰብስባ ተነሳች።

ገና ሊደርስ ሲል ቡድኑ የዓመት ትኬት ያላቸውን ሰዎች ለስብሰባ ጠራ። ሥራ አስኪያጁ መድረክ ላይ ቁጭ ብሎ ጥያቄ ይመልሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ከእናቴ በቀር ሁላችንም ሄድን። አባቴ ለሠርግ የሚለብሰውን ሙሉ ልብስ ለብሷል። በመንገዳችን ስኔልቪል ጎራ ብለን ጋሽ ወርቁን ጫንን፤ ለአባቴ እንደ ወንድም የሆነ ጓደኛው ነው፣ ሆኪ አይቶ አያውቅም፣ እሱም ከረባት አስሯል። "ምንድነው ነገሩ?" ስል አባቴ "ትደርሺበታለሽ" አለኝ። ማህሌት ግን ታውቅ ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት።

ማይኩ መሃል መተላለፊያው ላይ ነበር። ተራ ሲደርሰኝ ተነስቼ በጥሩ እንግሊዝኛዬ ተናገርኩ፤ የተሸነፍንባቸውን ጨዋታዎች፣ የአሰልጣኙን ስህተት፣ ሁሉንም። "መቼ ነው የምትቀይሩት?" ብዬ ስጨርስ አዳራሹ አጨበጨበልኝ። ዞሬ አባቴን አየሁት። እያየኝ ነበር፣ ግን ተራው የሱ ነበርና ተነሳ። ጋሽ ወርቁ ተነሳ። ማህሌት ተነሳች። ሦስቱም መተላለፊያው ላይ ጎን ለጎን ቆሙ።

"ጌታዬ" አለ አባቴ በእንግሊዝኛ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "ጥያቄ የለንም። ልመና ነው ያለን። ይሄ ሰው ቤተሰብ አለው። ቢያጠፋም ይማራል። እኛ በሽምግልና መጥተናል፣ ለኛ ሲሉ ይተዉት።"

የሳቁ ሰዎች ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ብሎ "አመሰግናለሁ፣ እባክዎ ይቀመጡ" አለ።

"እሺ ካላሉን አንቀመጥም" አለ አባቴ።

ሽማግሌ የሄደ ሰው ልመናው ሳይሰማ እንደማይቀመጥ እዛ አዳራሽ ውስጥ የምናውቀው እኛ ብቻ ነን። ከኋላ "ሲት ዳውን!" የሚል ድምፅ መጣ፣ ከዛ ሌላ። ዩኒፎርም የለበሰ አስተናጋጅ ወደነሱ መራመድ ጀመረ። ጋሽ ወርቁ ሊቀመጥ ወንበሩን በእጁ ፈለገ፣ ማህሌት ግን ክንዱን ይዛ አቆመችው። ከዛ መልሳ አንገቷን ደፍታ፣ እጆቿን አጣምራ፣ እንደ ሐውልት ቀጥ ብላለች። እኔ ከጀርባቸው ቁጭ ብያለሁ። ማንም ተነሽ ያላለኝ ለምንድነው? ጠይቀውኝ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ ግን አልጠየቁኝም! ጋሽ ወርቁን እንኳን ከስኔልቪል አምጥተውት እኔን አልጠየቁኝም።

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየና "በአሰልጣኛችን ላይ ሙሉ እምነት አለኝ፣ የኛ ሰው ነው" አለ።

አባቴ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ጋሽ ወርቁ "ተመስገን" አለ። ተቀመጡ። ማህሌት ዓይኗን በሻርፕዋ ጠረገች።

ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሠርግ ነበር። "ቃል ሰጡን!" ይላል አባቴ መሪውን እየመታ። "እኔን ያኔ ከምሠራበት ሆቴል ሲያሰናብቱኝ አንድ ሰው እንኳን 'ተዉት' አላለልኝም። ለሳቸው ግን ሰው ቆመላቸው።"

"ዳዲ፣ 'ሙሉ እምነት አለኝ' የሚሉት ሊያባርሩት ሲሉ ነው። ሁሌ እንደዛ ነው የሚሉት።"

በመስታወቱ አየኝ። "ሰው ሽማግሌ ፊት ይዋሻል?"

"እሱ መቼ ሽማግሌ መሆናችሁን አወቀ!"

ማህሌት ጋቢና ናት፣ እኔ ከኋላ ከጋሽ ወርቁ ጋር።

በሚቀጥለው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት አባቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ ሬዲዮው ተናገረ። አሰልጣኙ ተባሯል። ጉሮሮዬ ድረስ "የስ!" የሚል ነገር መጥቶ ነበር፣ አባቴን ሳየው ዋጥኩት። ሬዲዮውን ዘጋ። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ስወርድ "በይ ደህና ዋይ" አለኝ፣ በቃ።

እሁድ ደረሰ። ጃኬቴን ከማህሌት ቁምሳጥን አውጥቼ ለበስኩ። መኪናው ጋ ስደርስ እሷም ከኋላ ተቀምጣለች። ምንድነው ነገሩ አልኩ በሆዴ። አባቴ ነዳ፣ በሩ ድረስ ሄደ፣ ግን ፓርክ አላደረገም። ሁለቱን ትኬት እጄ ላይ አስቀመጠ።

"ወንበርሽ ያውልሽ። የኔ ላይ ማሂ ትቀመጥ።"

"አንተስ?"

"ቃሉን የበላ ሰው ቤት አልገባም።"

ከኋላችን መኪኖች ጥሩምባ ይነፋሉ። "ዳዲ፣ ኢትስ ጀስት ሆኪ!" አልኩት። "ውረዱ፣ መንገድ ዘጋን" አለ። ሄደ።

ፕሬትዝል ሻጯ ልጅ ገና ስታየን "አባትሽስ?" አለች። ማህሌት በዛ በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ "ከአለቃ ጋር ተኳርፏል" አለቻት፣ ልጅቷ ሳቀችና ፕሬትዝሉን በነጻ ሰጠቻት። ለሷ! ስንት ጊዜ የገዛሁት እኔ ነኝ እኮ።

አዲሱ አሰልጣኝ ወጣት ነበር፣ እየዘለለ ይጮሃል። ቡድኑ ያን ቀን አሸነፈ። ጎል ሲገባ ተነስቼ ጮህኩና ለአባቴ ልነግረው ዞርኩ። ማህሌት ናት። ከኔ ወንበር ጎን፣ ጉልበቷን ገጥማ፣ ፕሬትዝሉን ግማሽ አድርጋ ይዛልኛለች።

"ደስ አለሽ?" አለችኝ። ነገር ፍለጋ አልነበረም፣ የምሯን ነው።

"አዎ" አልኩ።

"ያን ቀን ስብሰባው ላይ ስትናገሪ ጋሼ ለጋሽ ወርቁ ምን እንዳሏቸው ታውቂያለሽ? 'ይቺ ልጄ ጠበቃ ነው የምትሆነው፣ ስሟት' አሏቸው። እኔን እንደዛ ብለውኝ አያውቁም" አለች።

ልትደሰቺ ይገባል ትሉኝ ይሆናል። እኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ ይሄንንም ጎኑ ተቀምጣ የሰማችው እሷ ነች።

አባቴ ከዛ ቀን ጀምሮ እዛ አዳራሽ አልገባም። ትኬቱን አላሳደሰም፣ ጨዋታውን በቴሌቪዥን እንኳን ሲያይ ድምፁን አጥፍቶ ነው። ማህሌት ነርስ ሆናለች፣ ስኔልቪል ቤት ገዝታለች፣ አባቴ የደም ግፊቱን የሚለካው እሷ ጋ ሄዶ ነው። እቤታችን ማሽኑ አለ።

ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወር ሆነኝ፣ ሰው እንዴት እንደሚባረር ግን አይቻለሁ። ከወር በፊት የኛ ፎቅ ላይ አንድ ሰውዬ ዕቃውን በካርቶን ይዞ ወጣ። ሊፍቱ እስኪመጣ ቆሞ ሲጠብቅ ሁላችንም ኮምፒውተራችንን አየን። የዛን ዕለትም ጠዋት አለቃችን ስለሱ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናግሮ ነበር።

ሐሙስ ትራፊኩ እስኪለቅ ሬዲዮውን ዘግቼ ያሰብኩት ይሄን ነው። አንድ ቀን እኔን ሊያባርሩኝ ቢነሱ አባቴ ከረባቱን አስሮ ሚድታውን ይመጣል። ጉልበቱ ከቻለለት ጋሽ ወርቁም ይመጣል። ሴኩሪቲ ይጠራል፣ ሰው ይስቃል፣ አባቴ ይደክመዋል፣ ወንበር ያቀርቡለታል። ማህሌት ግን አትቀመጥም። እሺ እስኪሏት ድረስ ለኔ ትቆማለች። አውቃታለሁ፣ እንደዛ ናት።

እንደዛ መሆኗ ነው የሚያናድደኝ።