በጨረቃ አፈር ላይ ውሃ የረጨችው

ፑንጎዳይ አቧራን የምትጠላው እንደ ሰው ነው። ብትጠላስ! ባሏን የበላው አቧራ ነው። በሰሌም ኮረብታዎች ሥር፣ ድንጋይ መፍጫ ውስጥ ሲለፋ ኖሮ ደም እየተፋ ሞተባት። ቲሩማራን የሚባል ተምሮ ኢንጂነር የሆነ የሰፈሯ ልጅ፣ «አካ» የሚላት፣ እንደ ታላቅ እህቱ የሚያያት፣ «እኔ እያለሁ አትለምኚም» ብሎ ጨረቃ ላይ የሚያርፍ ሰው አልባ መንኮራኩር በሚሠራበት መሥሪያ ቤት በጽዳት አስቀጠራት።

በሙከራው ሜዳ የተነጠፈው የጨረቃ አፈር ተብዬ ከዚያው ከእነሱ ኮረብታ ተቆፍሮ የተፈጨ ድንጋይ ነበር። ሲነኩት ይቦናል። የመንኮራኩሩ ሞተር ከላይ ተንጠልጥሎ እሳት ሲተፋበት አቧራው ምን ያህል እንደሚነሳ ሊያዩበት ነው። በሙከራው ቀን ትልልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የሰሌም አገር ሴት ደግሞ ጎህ ሲቀድ ደጇን ውሃ ሳትረጭ ቀኑን አትጀምርም፤ ውሃ ያልተረጨ ደጅ የሐዘንተኛ ደጅ ነው። ፑንጎዳይም ማልዳ ገብታ፣ ባልዲዋን ይዛ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እፍኝ በእፍኝ ረጨችው። ከሰዓት በኋላ ላዩ በፀሐይ ደርቋል፤ ሥሩ ግን ቅርፊት ሠርቷል። ማን ልብ ይበለው?

ሞተሩ አጓራ። አቧራው ትንሽ ብድግ ብሎ ተኛ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ቲሩማራንን እየተሻሙ አቀፉት።

መንኮራኩሩ ሊተኮስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ቲሩማራን ከምሳ ዕቃው እርጎ በሩዝ እየበላ ይቀልድባት ጀመር።

«አካ፣ ጠላትሽ ጨረቃም ላይ አለልሽ! ስናርፍ የመንኮራኩሩን ዓይን ይሸፍናል፤ እግሩ ከሰመጠ ደግሞ ተመልሶ መነሳት የለም። ደግነቱ አቧራው ብዙም እንደማይነሳ በሙከራው አየን።»

«እንዴት ይነሳል? ውሃ ረጭቼበት የለ!» አለች እየሳቀች።

ጉርሻው ከእጁ ወደቀ። «ምን አልሽ?»

«ለእንግዶቹ ብዬ… ምነው ወንድሜ? አጠፋሁ እንዴ?»

ዙሪያውን ቃኘ። «ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«ካንተ በቀር ማን ያናግረኛል?»

«እንግዲያው አንቺም አልነገርሽኝም፣ እኔም አልሰማሁም።»

«ኧረ ንገራቸው! ደግማችሁ ሞክሩት!»

«ቀኑ ተቆርጧል፣ አካ! ሁለታችንንም ነው ጠራርገው የሚያስወጡን። በሞቴ፣ ዝም በይ።»

ዝም አለች። በማረፊያው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ስክሪኑ ፊት ተሰብስቦ ሲጸልይ እሷ በሩ ጥግ ቆመች። መንኮራኩሩ ዝቅ፣ ዝቅ አለ። አቧራው ግልብጥ ብሎ ተነሳ። ምስሉ ጠቆረ፤ ከዚያ በኋላ ድምፁ የለ፣ ወሬው የለ። ስንት ዓመት የለፉበት ሰዎች እንደ ሕፃን አለቀሱ።

መርማሪዎች የሙከራውን ሜዳ አስቆፍረው ቅርፊቱን አገኙ። ፑንጎዳይ ተጠራች። ቲሩማራን ከጠረጴዛው ወዲያ፣ ከአለቆቹ ጋር ተቀምጧል።

«ውሃ የረጨው ማን ነው?» አለ የመርማሪዎቹ ሰብሳቢ።

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ለማን ነግረሽ ነበር?»

ወይ ነዶ! ቲሩማራን መናገር የነበረበት ያኔ ነው። እሷም ፊት ለፊት እያየች ጠበቀችው፤ ራሱ እንዲያወጣው፣ አንዴ እንኳ ወንድ እንዲሆን። እሱ ብዕሩን ያገላብጣል።

«ሴትዮ፣ መልሺ እንጂ! ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም» አለች።

ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደበው። «እንዲህ ያለችውን ደንቆሮ ማን ነው እዚህ ያስገባት?»

«እኔ እንጃ» አለ ቲሩማራን፣ ከሁሉም ቀድሞ።