ዲዳ ያልሆነው ጆይስቲክ

ጡረታ ከወጣ ቆይቷል፤ ሰፈሩ ግን ዛሬም «ሾፌሩ» ነው የሚለው። ዕድሜውን የጨረሰው በትልልቅ አውቶቡሶች መሪ ላይ ነው። ያኔ መሪ ማዞር ጉልበት ይጠይቅ ነበር። እሱ ግን ስለ ክብደቱ አማርሮ አያውቅም። «መሪ ያወራል» ይላል። «ጎማ ሲተነፍስም፣ መንገድ ሲያዳልጥም ከዓይንህ በፊት መዳፍህ ይሰማል። ዝም የሚል መሪ ይዞ መንዳት ከግድግዳ ጋር መማከር ነው።»

ሴት ልጁ አብራሪ ናት። ሥልጠናዋን ጨርሳ ረዳት አብራሪ ሆና መሥራት ከጀመረች ገና ጥቂት ወራት ነው። ይህን ለማያውቅ ሰው ይነግራል፤ ለሚያውቅም ደግሞ ይነግራል። ዳቦ ሻጯ እንኳ «ልጅህ ዛሬ የት ናት?» ሳትለው ዳቦ አታቀብለውም፤ ባትጠይቀውም መስማቷ አይቀርማ።

የልጅቷ እናት ግን ይህን ለማየት አልደረሰችም። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የመጨረሻ ሥራዋም የልጅቷን የሥልጠና ሱሪ ወገቡን ማጥበብ ነበር። የስፌት መኪናዋ ከነብረት እግር ጠረጴዛው መስኮቱ ሥር ነው፤ ክሩም በመርፌው እንደገባ ነው። ሾፌሩ አቧራውን ይጠርጋል እንጂ ሌላ ነገር አይነካም።

ልጅቷ በአንዱ ዕረፍቷ ኮምፒውተሩ ላይ የበረራ ማስመሰያ ፕሮግራም ጫነችለት፤ አውሮፕላኑን በእጅ ከሚመሩባት ዘንግ፣ ከአንዲት ቀላል ጆይስቲክ ጋር። አውሮፕላኑን ማንሣቱን ወዲያው ለመደው። ማሳረፉ ላይ ግን ሁሌም ይከሰክሰዋል።

«አንድም ቀን መኪና ሳያጋጭ ጡረታ የወጣ ሰው፣ አውሮፕላን ፈጀ!» አለ የሚስቱ ወንድም። አውቶቡሱ ላይ የሾፌሩ ረዳት የነበረው እሱው ነው፤ አፉ ያኔም በር አልነበረውም።

«አባዬ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አለች ልጅቷ።

ለሾፌሩ ጨዋታ አልነበረም። ልጁ ከደመና በላይ በእጇ ይዛው የምትውለው ነገር ምን እንደሚመስል አንድ ጊዜ በገዛ መዳፉ ማወቅ ፈልጓል። ጆይስቲኳ ውስጥ ያለው ደግሞ ሞላ ብቻ ነው። አውሮፕላኑ ቢበርም ቢወድቅም ያው አንድ ዓይነት ትገፋለች።

«ይቺ ዲዳ ናት» አለ።

ቅዳሜ ዕለት ሦስቱም ወደ ኮምፒውተር መሸጫ ሄዱ። ሻጩ መብራቱ የሚብለጨለጭ፣ ቁልፍ በቁልፍ የሆነ ጆይስቲክ አወጣ።

«አባባ፣ የቁልፉን ብዛት ይዩልኝማ!»

«ልጄ፣ የአውቶቡሴ ጡሩምባ አንድ ነበረች፤ በቅታኛለች።»

«እሷም ስትፈልግ ነበር የምትጮኸው» አለ ረዳቱ።

ሁለተኛው ሲነካ ይርገበገባል። ሾፌሩ ጥቂት ይዞት መለሰው። «ይሄ ስልክ ነው። ይነዝራል እንጂ አይገፋም።»

«ሞተር ያለው የለም?» አለች ልጅቷ። «ኃይሉን ወደ እጅ የሚመልሰው?»

ሻጩ ከታችኛው መደርደሪያ ጥቁር፣ ከባድ፣ መብራት የሌለው አንድ ጆይስቲክ አወጣና የበረራ ጨዋታ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ሰካው። ልጅቷ ለአባቷ አስረዳች፦ ፍጥነት ሲጨምር ይጠነክራል፣ ሲቀንስ ይላላል፤ አየሩ ክንፉን ሊከዳው ሲል ደግሞ ይንቀጠቀጣል።

ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነና ቀስ እያለ ወደ ራሱ ሳበው። ዘንጉ መጀመሪያ ተከራከረው፤ ከዚያ ላላ፤ ከዚያ መዳፉ ውስጥ ተንቀጠቀጠ።

«ነገረኝ!» አለ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«ምን አለህ?» አለ ረዳቱ።

«አፍንጫህን ዝቅ አድርግ አለኝ።»

ልጅቷ ሳቀች። «ልክ እሱን ነው የሚለው።»

ቤት ሲገቡ ሾፌሩ የማንንም ምክር አልሰማም። ጆይስቲኩን ምግብ ጠረጴዛው ላይ በማሰሪያው አጠበቀና ኃይሉን እስከ መጨረሻው ከፍ አደረገው። የአውቶቡስ መሪ ያህል ያልከበደ ነገር ለእሱ መሪ አይደለም። አውሮፕላኑ እንደተነሣ ዘንጉ ገፋው፤ እሱ በሁለት እጁ ሳበ፤ በመሐል ጠረጴዛው ራሱ ተንሸራቶ የሻይ ብርጭቆውን ከነሻዩ ጣለ።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ ረዳቱ፣ እግሮቹን ወንበሩ ላይ እየሰቀለ።

ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀችና ኃይሉን ቀነሰችው። «አባዬ፣ የኔ አውሮፕላን አውቶቡስ አይደለም። በጣት ነው የሚያዘው።» ጠረጴዛውን ነቀነቀችው። «ይሄ ደግሞ አይችለውም። ከባድ ነገር ይፈልጋል።»

ሦስቱም ወደ መስኮቱ አዩ።

«እናትሽ ጠረጴዛዋን ሰው ሲነካባት አትወድም ነበር» አለ ሾፌሩ።

«እህቴን አውቃታለሁ» አለ ረዳቱ፣ ለአንዴ ሳይቀልድ። «ለልጇ ከሆነ ራሷ ታነሣው ነበር።»

ሾፌሩ ክሩን ከመርፌው አወጣና በማጠንጠኛው ላይ በጥንቃቄ ጠመጠመው። ሁለቱ ሽማግሌዎች መኪናዋን አንሥተው ቁም ሣጥኑ ላይ አስቀመጧት። ጆይስቲኩ በቦታዋ ታሰረ። ባለ ብረት እግሩ ጠረጴዛ ንቅንቅ አላለም።

ሾፌሩ አውሮፕላኑን አስነሣ፣ አዞረ፣ ወደ ማረፊያው አስጠጋ። ዘንጉ ላላ፤ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። አፍንጫውን ዝቅ አደረገ። ፍጥነቱ ተመለሰ። ጎማው መሬት ሲነካ ምቱ እስከ ክርኑ ደረሰ፤ ግራ እግሩ ከጠረጴዛው ሥር የአውቶቡሱን የፍሪሲዮን መርገጫ ፍለጋ ሄደ።

«አረፍኩ?»

«አረፍክ፣ አባዬ።»

ረዳቱ እንኳ አጨበጨበ።

«አሁን አንቺ» አለ ሾፌሩ። ተነሥቶ ከኋላዋ ቆመና እጁን በእጇ ላይ፣ ሳይጫናት፣ አሳረፈ። ጣቶቿ የሚንቀሳቀሱ አይመስሉም ነበር። ማረፊያው ቀረበ። መንቀጥቀጡን ጠበቀ፣ ጠበቀ፤ ጎማው ላባ እንደሚያርፍ አረፈ።

«ለምን አልተንቀጠቀጠም?»

«እስኪንቀጠቀጥ አልጠብቅማ» አለች።

ሾፌሩ እጁን ወዲያው አላነሣም።

በማግሥቱ ጧት ዳቦ ሻጯ እንደ ልማዷ «ልጅህ ዛሬ የት ናት?» አለችው።

«ሥራዋ ላይ» አለ። ሌላ ጊዜ ከዚህ በኋላ ነበር ወሬው የሚጀምረው። ዛሬ ግን ዳቦውን ተቀብሎ ሌላ ወሬ አነሣ። «ባለቤቴ ስትሰፋ ክር በጥሳ አታውቅም። ሊበጠስ ሲል እጇ ቀድሞ ያውቅና እግሯን ከመርገጫው ታነሣ ነበር።»

ዳቦ ሻጯ መልሱን ቆጥራ ሰጠችው።

«ልጄ የእናቷን እጅ ነው የያዘችው» አለና ቀና ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።