የእድሩ ድስት

ኮሶዬ መንደር፣ ልቅሶ ቤት ጓሮ፣ የእድሩን ትልቅ የማይዝግ ብረት ድስት በሽቦ እያጠብን ነው። ይህ ድስት ስንቱን ሸኘ፤ እሱን ግን ዝገት እንኳ አልነካው። ውሃው እጅ ያደነዝዛል። የእርጥብ አመድና የሳሙና ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

ያኔ ልቅሶው የኛ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ዘምቶ መርዶው ብቻ መጣ። በሰልስቱ ጎረቤቶች ይህንኑ ድስት በሽቦ ሲፈትጉ እናቴ ከቤት ወጣች።

«ምነው ወጣሽ? ሐዘንተኛ ዕቃ አያጥብም፤ ግቢ» አሏት።

ሽቦውን ነጥቃ ጣለችው።

«በሽቦ አይሆንም፤ ትጫጫራለች። ልጄን አጥቤ አልገነዝሁት። ይችን እንኳ ተዉልኝ።»

ከነጠላዋ ጫፍ ቀደደችና በተነፋ አመድ ድስቱን እንደ ሕፃን ጀርባ ቀስ አድርጋ አሸችው። አለቅልቃ፣ ጠብታ ሳታስቀር አደረቀችው። ሲያበራ ፊቷ ታየበት፤ ቶሎ ደፋችው።

አሁንም ከቤቱ ሰው ወጣ። ሐዘንተኛዋ እትዬ ማሬ ናቸው። የሳቸውም ልጅ መርዶው እንጂ አስከሬኑ አልመጣም። አጠገባችን መጥተው ድስቱን እያዩ ቆሙ።

«ምነው ወጡ? ይግቡ እንጂ» አሉ ሴቶቹ።

እኔ ሽቦውን ጣልሁና ተነሣሁ። ለማድረቂያ ያስቀመጥነውን ለስላሳ ጨርቅ ሰጠኋቸው።