እጃችሁን አውለብልቡ

ንዴት ዕድሜ ያሳጥራል ትላለች እናቴ። እሷ ትበል እንጂ እኔ የዚያን ክፍል ጣሪያ ባሰብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

የምንኖረው በሰው አገር፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባል የበረሃ ከተማ ነው። እኔ ሆቴል ውስጥ አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ክፍል የቀን ሺፍት እሠራለሁ፣ ልጄ ኮሌጅ ትማራለች፣ እናቴ ቀኑን ብቻዋን ናት። ሙቀቱ ሲገባ የተከራየነው ቤት ኤሲ ከሰዓት በኋላ ይደክማል። ይነፍሳል እንጂ አያቀዘቅዝም። አከራያችንን ለምነን ለምነን አፋችን ደረቀ። እናቴ ደግሞ የልብ መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሐኪሟ ከሙቀት አርቋት ብሎ አስጠንቅቆናል። ስለዚህ ወደ ሥራ ስሄድ የአካባቢው መስተዳድር፣ ካውንቲው፣ የሚያስተዳድረው የሰፈር ማዕከል አወርዳታለሁ። እዚያ የቤተ ክርስቲያናችን የእናቶች ጸሎት ቡድን አንድ ክፍል ተፈቅዶለታል። ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያነባሉ። ያ ክፍል ለእናቴ ጸሎት ቤትም ሕክምናም ነበር።

ባለፈው የብርድ ወራት ማዕከሉ ለእድሳት ተዘጋ። ኃይል ለመቆጠብና አካባቢን ለመጠበቅ ተብሎ ከመንግሥት ለካውንቲው በተሰጠ ገንዘብ ነው አሉን። ጣሪያው ላይ ሶላር ተተከለ፣ መስኮቱ ተቀየረ፣ አምፖሉም ኤሲውም አዲስ ሆነ። ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻለሁ። ከደሞዜ የሚቆረጠው ታክስ ለአንዴ እንኳ እናቴን ጠቀማት አልኩ። አካባቢ ጥበቃ የምታጠናው ልጄማ ከእኔም ብሳ፣ ሪባኑ ሲቆረጥ ቪዲዮ ታነሳ ነበር። ባለሥልጣናቱ እናቴንና ጓደኞቿን ከነነጠላቸው መሃላቸው አቁመው ፎቶ ተነሱ።

ሙቀቱ እንደጀመረ ሰሞን እትዬ የምላቸው የእናቴ ባልንጀራ፣ ከቡድኑ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት፣ መኪናዬ ውስጥ አንድ ነገር ነገሩኝ።

«ልጄ፣ ጌታ ዝማሬያችንን ወደደው መሰለኝ። ስንዘምር ቅዝቃዜው ይወርዳል፤ ዝም ስንል ይሄዳል።»

«እውነታቸውን ነው» አለች እናቴ። «እኔም ልብ ብዬዋለሁ።»

ሳቄን ዋጥ አድርጌ ነዳሁ። ለካ እነሱ ቅዝቃዜው እንዳይሄድባቸው ድምፃቸው እስኪዘጋ እየዘመሩ ነው የሚውሉት።

ኦፍ በሆንኩበት ቀን አብሬያቸው ገባሁ። እያጨበጨቡ ዘመሩ፤ ክፍሉ ቀዘቀዘ። ከዚያ አንገታቸውን ደፍተው ዓይናቸውን ጨፍነው በልባቸው መጸለይ ጀመሩ። ብዙም አልቆየ፣ መብራቱ ድርግም አለ። ቀጥሎ የኤሲው ድምፅ ቆመ። አንዳቸውም ቀና አላሉም፤ ለምደውታል። ከዚያ ሙቀቱ በመስኮቱ በኩል ቀስ እያለ ገባ። እኔ ግን ጣሪያውን ሳይ አንዲት ነጭ ክብ ነገር አየሁ። ብድግ ስል መብራቱም ኤሲውም ተመለሱ።

የማዕከሉ ኃላፊ ክፉ ሰው አይደለም። ሴንሰር ነው አለኝ፤ የሚንቀሳቀስ ሰው ካላየ ክፍሉ ባዶ ነው ብሎ ያጠፋል። እሱ ሊቀይረው አይችልም። የኤሲው መቆጣጠሪያ ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ የሚታዘዘው ዳውንታውን ካለው የካውንቲው ቢሮ ነው። «እጃቸውን ቢያውለበልቡ ይበቃል» አለኝ። በማግስቱ እጃችሁን አውለብልቡ የሚል ወረቀት ከነሥዕሉ ግድግዳው ላይ ለጠፈ።

ቢሮው ደወልኩ። ያነሳው ሰው ትሁት ነበር፤ ኮምፒውተሩን ቼክ አደረገና ሲስተሙ በጣም ጥሩ እየሠራ ነው አለኝ። እንዲያውም ያ ክፍል ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ስለሆነ ማዕከሉ ብዙ ኃይል ከሚቆጥቡት አንዱ ነው።

«ባዶ አይደለም» አልኩት። «እናቴ አለችበት።»

«ሲስተሙ ባዶ ነው የሚለው።»

ወይ አለመተዋወቅ። ለፎቶው ሰው ነበሩ፣ ለቅዝቃዜው ሲሆን ባዶ ወንበር ሆኑ። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው ማለት ይሄ ነው። አሮጊት ዝም ብላ ትቀመጣለች። ትጸልያለች፣ ታስባለች፣ ጉልበቷን ያማታል። ያንን ክፍል ሲሠሩ ማን ይቀመጥበታል ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው ጠፋ? በእኛው ገንዘብ ገዝተው እናቴን የማያይ ዓይን ራሷ ላይ ሰቀሉባት፤ ከዚያ እሷን ባለማየቱ የተረፈውን መብራት ቁጠባ ብለው ይኩራሩበታል። ሰውዬው ቴክኒሻን እልካለሁ አለኝ። እስካሁን ይልካል።

ነገሩን ለእናቶቹ ነገርኳቸው። እትዬ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። እናቴ አልሳቀችም።

«ታዲያ ስንዘምር የከረምነው ለማሽን ነው?» አለች።

ልጄ ልታጽናናት ፈልጋ «ኖ እማማ፣ ጀስት ዌቭ አድርጊ። በጣም ኢዚ ነው» አለቻት።

«እኔ እጄን የማነሳው ለአንዱ ብቻ ነው። ለጣሪያ አላነሳም።»

ለልብሽ ስትይ አልኳት፣ ለእኔ ስትይ አልኳት፣ ወይ ፍንክች። ከዚያ ወዲህ መብራቱ ሲጠፋ ሌሎቹ እየተሳሳቁ ያውለበልባሉ፤ እሷ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች። ተቆጣኋት። መቆጣት የነበረብኝ እሷን አልነበረም።

ሙቀቱ በባሰበት ሰሞን ሌሎቹ እናቶች ቀርተው እሷና እትዬ ብቻ የዋሉበት ቀን ነበር። ከሥራ ወጥቼ ልወስዳቸው መጣሁ። የክፍሉ በር መስታወት ነው፤ ከመክፈቴ በፊት አየኋቸው። ውስጡ ጨልሟል። እትዬ ተዝለፍልፈው ራሳቸው እናቴ ትከሻ ላይ ወድቋል። እናቴ በግራ ክንዷ አቅፋ ይዛቸዋለች፤ ብትነሳ ይወድቃሉ፣ ስልኳ ያለበት ቦርሳ ሩቅ ነው። ቀኝ እጇን እስከ መጨረሻው ዘርግታ ወደዚያች ነጭ ክብ ነገር እያውለበለበች ነበር። ፊቷን አይቼው አላውቅም እንዲያ ሆኖ። መብራቱ ቦግ አለ፣ ኤሲው ማጓራት ጀመረ፣ እሷ ግን ማውለብለቧን አላቆመችም።

አምቡላንስ ጠራሁ። ሙቀት ነው አሉ፤ ግሉኮስ ተሰጥቷቸው አደሩና እትዬ ዳኑ። አሁን ሮድስ ራንች የሚባል ሰፈር ልጃቸው ቤት ናቸው፤ ወደ ማዕከሉ አይመለሱም።

ከሆስፒታል ስንመለስ እናቴ መኪናው ውስጥ ቀኝ እጇን ገልብጣ አየችው።

«አነሳሁት» አለችኝ።

«ለእሳቸው ብለሽ ነው እኮ እማ። ጌታ ያውቃል።»

«እሱስ ያውቃል» አለችና በመስኮቱ ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን ቆምን። መዝሙሩ ተጀመረ፣ ሰው ሁሉ እጁን አነሳ። እናቴም ልታነሳ ጀመረችና፣ ደረቷ ጋ ሲደርስ ቀና ብላ ጣሪያውን አየች። ያችን ነጭ ክብ ነገር ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈለገች። ምንም አልነበረም። እጇን ግን መልሳ ነጠላዋ ውስጥ ከተተችው።