በፈተና መሃል የገባችው እጅ

ባለፈው ሳምንት የሱቄን ጓዳ ሳጸዳ ከበርበሬው ጀርባ አንድ ካርቶን ሰማያዊ ጓንት አገኘሁ። በኮሮና ጊዜ "ነገ ይወደዳል" ብዬ ያከማቸሁት ነው። አልተወደደም። ልጥለው ብድግ ካልኩ በኋላ ጆንያ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ የሆነው በወጣትነቴ ነው። ሃምሳን ተሻግሬ ነበር፤ ግን ያኔ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ አያጉረመርምም ነበርና ወጣትነት ብዬዋለሁ። የሚከራከረኝ ካለ እዚህ ዕድሜ ይድረስና እንነጋገር።

ያን ሰኔ እዚህ ባሕር ማዶ፣ የሐበሻ ሱቅ በተደረደረበት ፌርፋክስ መንገድ ላይ ሰው የሚባል አልነበረም። ለፓርኪንግ ስንጣላ የኖርንበት መንገድ ባዶ ሆኖ፣ የጃካራንዳው ሐምራዊ አበባ አስፋልቱ ላይ ረግፎ የሚረግጠው መኪና አጥቶ ነበር። እኔ ጤፍና ሽሮ ስለምሸጥ ሱቄ አልተዘጋም። ጎረቤቴ እትዬ ዘነበች ግን የምግብ ቤታቸውን ወንበር ሁሉ ገልብጠው በመስኮት ብቻ ይሸጡ ነበር። ሰው ፊታቸው ቁጭ ብሎ ሲበላ ካላዩ የበሉ የማይመስላቸው ሴት ናቸው።

ቤቲ የመጣችው ያን ሰሞን ነው። ሚድ ዊልሻየር ሰፈር የሚኖር የታክሲ ነጂ ልጅ ናት፤ ፋርማሲስት ልሆን ብላ ዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ ትማራለች። ኤርፖርቱ ጭር ሲል አባቷ ቤት ዋለ፤ ወንድሞቿም በኮምፒውተር ይማራሉ። ለዚያ ሁሉ ሰው አንዲት ሳሎንና አንድ የሚንቀራፈፍ ኢንተርኔት ነው ያለው።

"ጋሼ ተፈራ፣ ዋይፋይህ ፋስት ነው?" አለችኝ። ከማስኩ በላይ ዓይኖቿ ቀልተዋል።

"ከእኔ ይፈጥናል። ምነው?"

"ፋይናል የምፈተንበት ቦታ የለኝም። ሶ፣ ትምህርቱን ድሮፕ አድርጌው ዌርሃውስ ዕቃ የማንሳት ሥራ እገባለሁ።"

ሰው ማጽናናት አልችልበትም፤ ጓዳ ግን አለኝ። ጆንያዎቹን ገፍቼ ጠረጴዛ አስገባሁላት። እትዬ ዘነበችም ይህን ሲሰሙ በየቀኑ ምሳ ያመጡላት ጀመር። ቤቲ ግን ከጭንቀቷ የተነሳ ምግብ አልወርድ አላት። ሳህኑ እንደመጣ ይመለሳል። ለእትዬ ዘነበች ይህ ከወረርሽኙ የባሰ በሽታ ነበር።

የፈተናው ቀን ሕጉ ጥብቅ ነው፦ የኮምፒውተሯ ካሜራ ያያታል፤ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከታየ አበቃ። እኔም ጓዳው በር ላይ "ፈተና አለ፤ መናገር ክልክል ነው" ብዬ ለጠፍኩና ወደ ደንበኞቼ ሄድኩ።

እትዬ ዘነበች ጽሑፉን አነበቡት። አከበሩትም። ትንፍሽ ሳይሉ ገቡ።

ቤቲ ጥያቄው ላይ አፍጥጣ ሳለ፣ ሰማያዊ ጓንት ያጠለቀች እጅ ከጎን ብቅ ብላ ምስር የጠቀለለ እንጀራ አፏ ውስጥ ከተተች። በዚህ ቢያበቃ ምናልባት ካሜራውም ዓይኑን ይጠራጠር ነበር። ግን አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ እትዬ ዘነበች ደግሞ ከሰው መጣላት አይወዱም። ያቺው እጅ ተመልሳ መጣች።

ፈተናው ተቋረጠ። ቤቲ አፏ ሙሉ ስለነበር ለማልቀስ እንኳ መጀመሪያ መዋጥ ነበረባት።

"ምን አጠፋሁ?" አሉ እትዬ ዘነበች። "አንድ ቃል ወጥቶኛል?"

ከሰዓት በኋላ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሯ በቪዲዮ ጠራት። መልስ አቀብለዋታል ተብሎ ከተወሰነ፣ እንኳን ፋርማሲ ኬሚስትሪውም ቀረ። ቤቲ ለቅሶዋን ስላላቆመች አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ። እንግሊዝኛ የተማርኩት ፓርኪንግ ተቀጥሬ የሰው መኪና ሳቆም ነው፤ ወሬው ከመኪና ቁልፍ ካለፈ ያልበኛል።

"እጁ የኔ ነው በለው" አሉኝ እትዬ።

አልኩት። ምን እንዳቀበሏት ጠየቀ።

"ምስር። ጾም ነው በለው፤ ሥጋ እንዳይመስለው።"

ታዲያ ለምን ሁለት ጊዜ አለ። እኔም አንዱ ብቻውን ጠብ እንደሚያመጣ አስረዳሁት። ብዕር አንስቶ አንድ ነገር ጻፈ። ነገሩ እየባሰ መሆኑ ገባኝ።

በዚህ መሃል እትዬ ዘነበች ገፋ አድርገውኝ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ፕሮፌሰሩ ጺሙ አድጎ ፊቱ ከስቷል፤ ከኋላው ባዶ የሾርባ ቆርቆሮ ተደርድሯል።

"ይሄ ሰውዬ ምሳ በልቷል?"

"እትዬ፣ እየተፈረደብን እኮ ነው!"

"ጠይቀው አልኩህ!"

ጠየቅሁት። ብቻውን እንደሚኖር፣ በር ከተዘጋ ወዲህ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው እንደሌለ ተናገረ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ፍርዱን ሰጠ፦ ቤቲ ነገ በሌላ ጥያቄ ትፈተናለች፤ ነገር ግን የእጁ ባለቤት ከኋላዋ ይቀመጡ፣ ሁለቱም እጆቻቸው ሳይሰወሩ ይታዩ።

በነጋታው እትዬ ዘነበች ንጹሕ ነጠላ ለብሰው፣ ሁለት ሰማያዊ እጅ የጤፉ ጆንያ ላይ ዘርግተው፣ ፓስፖርት ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ደርቀው ተቀመጡ። አፍንጫቸውን ሲበላቸው እንኳ አላከኩም። ቤቲ አለፈች። ወሬው ተሰምቶ ከክሬንሾው ሰፈር ሳይቀር ተማሪ ጓዳዬ ሊፈተን ይመጣ ጀመር፤ ምሳ ግን ከፈተና በኋላ ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ካርቶኑን ሳልጥለው ይዤ እትዬ ዘነበች ጋ ሄድኩ። ታመው ነበርና ምግብ ጠልተዋል። ቤቲ ዘንድሮ ፋርማሲስት ሆናለች፤ በምሳ ሰዓቷ መጥታ አጠገባቸው ሳህን ይዛ ትለምናቸዋለች።

"አልወርድ አለኝ ስልሽ!" ይላሉ።

ቤቲ ካርቶኑን ስታይ ሳቀች። አንድ ጓንት አውጥታ አጠለቀችና ጠቅልላ አቀረበችላቸው። እትዬ ግራ ቀኝ ተመለከቱ።

"ካሜራ የለም አይደል?"

"የለም፣ እትዬ።"

ጎረሱ። ያን ጓንት ላተርፍበት ነበር ያከማቸሁት፤ ቆሜ ሳያቸው ግን ካከማቸሁት ሁሉ ያልከሰርኩበት እሱ ብቻ መሰለኝ። ቤቲ እጇን ልታነሳ ስትል እትዬ ዘነበች ቆጣ አሉ።

"ሁለተኛውስ? ልንጣላ ነው?"