«እህቴ ጥሩ አስተርጓሚ አይደለችም»

አምና ክረምቱ ሊገባ ሲል የሆነ ነው። አሁንም ታክሲ በካዛንቺስ በኩል ሲያልፍ ያ ቀን ትዝ ይለኛል። ስለ ራሴ ክፉ ነገር በገዛ አፌ ለማላውቃቸው ሰዎች የተናገርኩት እዚያ ነውና አልረሳውም።

ታናሽ ወንድሜ ናትናኤል መስማት የተሳነው ነው። በልጅነቱ ማጅራት ገትር ታሞ ነው ጆሮው የሄደው። እኛ ናቲ ነው የምንለው። የምልክት ቋንቋውን አብሬው ስለተማርኩ ቤት ውስጥ ከእኔ በቀር እንደ ልቡ የሚያወራው ሰው የለም። ዩኒቨርሲቲ ሲቪል ምህንድስና ሲደርሰው ጎተራ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሰርግ ቤት መሰለ። ትምህርት ሲጀመር ግን ዩኒቨርሲቲው ለእሱ የሚሆን አስተርጓሚ እንደሌለው ተነገረን።

ስለዚህ እኔ ገባሁ። የምሠራው ደምበል አንድ የልብስ ሱቅ ውስጥ ነው። ፈረቃዬን ወደ ከሰዓት አዞርኩና ጠዋት ጠዋት ናቲ ፊት ለፊት ቁጭ እያልኩ መምህሩ የሚለውን በእጄ መናገር ያዝኩ። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነጥብ ያልመጣልኝ ልጅ የምህንድስና ክፍል ገባሁላችሁ። ጎረቤቶቻችን «አብራችሁ ነው የምትመረቁት» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

መምህራኑ ግማሹን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን ወደ ሰሌዳው ዞረው ነው የሚያስተምሩት። የቻልኩትን አደረግኩ። ተማሪው በአንድ ቀልድ ሲስቅ ናቲ «ምን አለ?» ይለኛል። ቀልዱን ስተረጉም የሚቀጥለው ትምህርት ስለሚያመልጠኝ «ምንም አይደለም» እለዋለሁ።

በሁለተኛው ዓመት ሁለት ትምህርት ወደቀ። አባታችን ምክንያቱን ሲጠይቀው «አላጠናሁም» አለ። አባቴ ተቆጣው። እኔም አላርፍ ብዬ «እኔ ላንተ ስንከራተት አንተ ትተኛለህ?» ብዬ ጨመርኩበት። ዳግመኛ ከወደቀ እንደሚባረር ዩኒቨርሲቲው አስጠንቅቆት ነበር።

በዚያው ሰሞን ካዛንቺስ ያለ አንድ ድርጅት ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ እንደሚሰጥ ሰማን። ላፕቶፕ ይሰጣል፤ ከፈቀደ ደግሞ እስከ ምረቃ ድረስ ክፍል ገብቶ የሚያስተረጉም ባለሙያ ይቀጥራል። አመለከትንና ለቃለ መጠይቅ ተጠራን። ከቤት ስንወጣ እናቴ «ምስጋና አብዙ፤ የቤት ገመና እንዳትዘከዝኩ» አለችን።

ካዛንቺስ ስንደርስ ዝናብ ያዘን። ሰፈሩ ፈርሶ መንገዱ ሰፍቷል፤ ምልክት ብለው የነገሩን ካፌም የለም። እየሮጥን፣ እየጠየቅን፣ ጫማችን ውሃ እንደያዘ ቢሮው ገባን። ድርጅቱ ለቃለ መጠይቁ የቀጠረው አስተርጓሚ ግን አልመጣም። ፍርድ ቤት ለአንድ ችሎት ሊያስተረጉም ሄዶ እዚያው ቀርቷል አሉን።

ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ነበሩ፦ ጠና ያሉ ሴትዮ፣ መነጽር ያደረጉ ሰውዬና ማስታወሻ የምትይዝ ወጣት። ሰብሳቢዋ ሴትዮዋ ናቸው።

«ዛሬ ካልሆነ ለሚቀጥለው ዓመት ነው የሚሻገረው» አሉ። «እህቱ ነሽ አይደል? እንግዲያው አንቺው አስተርጉሚለት። ግን ያለውን ብቻ፤ እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ።»

እስከሚቀጥለው ዓመት ናቲ ዩኒቨርሲቲ ስለመቆየቱ ማን ያውቃል? እሺ አልኩ።

መጀመሪያ የጠየቁት ቀላል ነበር። የት ተማርክ፣ ለምን ምህንድስና መረጥክ፣ ይህን የመሰለ። ቀጥሎ ሰውዬው መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«እስካሁን እህቱ አስተርጉማለታለች፤ ጎበዝ ልጅ ናት። ታዲያ እኛ ላፕቶፑን ሰጥተነው በእሷ ቢቀጥልስ? አስተርጓሚው ማንም ለሌለው ልጅ ቢሆን አይሻልም?»

ክፋት ኖሯቸው አልነበረም። የፈራሁትም ለዚህ ነው፤ ነገሩ ሚዛን ይደፋል። ለናቲ አስተረጎምኩለት።

ናቲ አየኝ። ከዚያ እጁን አነሳ። «እህቴ ጥሩ አስተርጓሚ አይደለችም» አለ።

«ምን አለ?» አሉ ሰውዬው። «ምንም አይደለም» የሚለው ያ የለመድኩት ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። «እህቴን አመሰግናለሁ አለ» ብልስ ማን ያውቅብኛል? ናቲ ግን ከንፈሬን እያየ ነው። በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገና «ተናገሪ» አለኝ።

«እህቴ ጥሩ አስተርጓሚ አይደለችም» አልኩ። ወጣቷ ከማስታወሻዋ ቀና አለች።

ናቲ ቀጠለ፤ እኔም ተከተልኩት። «መምህሩ ብዙ ሲናገር እሷ ትንሽ ትነግረኛለች። ያልገባትን ትዘለዋለች። ትምህርቱን ስለማታውቀው ነው፣ አልፈርድባትም። የወደቅኩት ግን ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ አላጠናሁም ያልኩት እሷ እንዳታዝን ብዬ ነው።»

ያን ነገር ያን ቀን ነው የሰማሁት፤ የሰማሁትም ከራሴ አፍ ነው። አባቴ የተቆጣው፣ እኔ የጨመርኩበት፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። ናቲ ግን አላቆመም።

«ምሳ ሳትበላ ወደ ሥራ ትሮጣለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዋን ድጋሚ ልትፈተን አስባ በእኔ ምክንያት ተወችው። ላፕቶፑን ብቻ ከሰጣችሁኝ ተመልሳ ፊቴ ትቀመጣለች፤ አውቃታለሁ። እኔም እወድቃለሁ።»

እናቴ የፈራችው ገመና ይኸው ወጣ፣ ድጋፉም ቀረ ብዬ ደመደምኩ። ሰብሳቢዋ አተኩረው አዩኝ።

«ልጄ፣ ያለው በሙሉ ይህ ነው? ምንም አልቀነስሽም?»

«ብቀንስማ መጀመሪያ ይቺን ስለ እኔ ያላትን ነበር» አልኩ። እንባዬ መጣ።

«እሱስ እውነትሽን ነው» አሉ። «ዘመድ ሲያስተረጉም የምንሰማው ምስጋና ብቻ ነው። አምነንሻል።» እንደውላለን ብለው አሰናበቱን።

ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። ቄራን ስናልፍ ናቲ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ።

«ተቀየምሽኝ?»

«አዎ። ለምን ቀድመህ አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ትተይኝ ነበር። ከዚያ ማን ያስተረጉምልኛል?»

እስኪደወል ድረስ የነበረውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አትጠይቁኝ። ሱቅ ውስጥ የማንም ስልክ ሲጮህ እደነግጣለሁ። በመጨረሻ የደወለችው ያቺ ማስታወሻ የምትይዘዋ ወጣት ናት። አስተርጓሚው ተፈቅዶለታል አለችኝ። የደንበኛ ሱሪ በእጄ እንደያዝኩ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

የተመደበለት በምልክት ቋንቋ የተመረቀ ወጣት ነው። ቃላቱን እንዳይስት ከክፍል በፊት መምህራኑን ያነጋግራል። አንድ ጠዋት ናቲ ካልኩሌተሩን ረስቶ ሄደና ላደርስለት ሄድኩ። በመስኮት አጮለቅሁ። መምህሩ አንድ ነገር አለ፤ ክፍሉ ሳቀ። ናቲም እኩል አብሯቸው ሳቀ። ዞሮ ማንንም አልጠየቀም። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ ቅናት ቢጤም ወጋ አደረገኝ።

ማታ ሲገባ «ጠዋት ምን ብሎ ነው ያሳቃችሁ?» አልኩት።

«ምንም አይደለም» አለኝ እየሳቀ።

በትራስ መታሁት። ያ ቃል ምን ያህል እንደሚያም የገባኝ ግን ያኔ ነው። አሁን ለፈተናዬ እያጠናሁ ነው፤ ሒሳቡን ናቲ ያስረዳኛል። ያን ቀን የተናገርኩት ዛሬም ሲታወሰኝ ፊቴ ይግላል፤ ባልናገረው ኖሮ ግን ይብስ ነበር። ቤት ውስጥ ሰው ሲስቅ ደግሞ እጄን አነሳለሁ። ወጡ ቢያርም ቀልዱን ለናቲ ሳልጨርስ አልሄድም።